ስንት ሰዓት ላይ ወሰዱት?

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ አልፏል። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ፖሊስ ጣቢያዎች በአንዱ በር ላይ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ሃያ የምንሆን ሰዎች ተሰልፈናል። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንዷ የቋጠረችው እንጀራ ገና ትኩስ ስለሆነ ፌስታሉን ከውስጥ አልቦታል። ሌላዋ ፔርሙዝ አቅፋለች። ከፊቴ ያለው ወጣት ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጥሏል። ተረኛው ፖሊስ የእያንዳንዱን ምሳ ዕቃ ክዳን ያስከፍታል፣ ወጡን በማንኪያ አማስሎ ያያል፣ ከዚያ «ቅመሺ» ይላል። ያመጣችው ትቀምሳለች። እስረኛ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል፤ ቁርሱን ሳይበላ ከቤቱ የወጣ እንኳ ከዚያ በር ላይ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ አይመለስም።

እኔ የመጣሁት ለአጎቴ ልጅ ነው። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። በዋዜማው ዐርብ ስልክ ተደወለለት፤ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፣ አንዴ ብቅ በል» ተባለ። ነገሩ የደረቅ ቼክ ጉዳይ ነው። ብቅ አለ፤ አልተመለሰም። ሌሊቱን ከጣቢያ ጣቢያ ስንዞር አድረን፣ ሊነጋጋ ሲል እዚህ መሆኑን ደረስንበት።

ከኋላዬ የቆሙት እናት ነጠላቸውን አጣፍተዋል። እጃቸው ላይ ባለ ሦስት ደረጃ ምሳ ዕቃ አለ፤ አያያዛቸው የለመደ ሰው አያያዝ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ማን ነው የታሰረብህ?»

«የአጎቴ ልጅ ነው፣ እማማ።»

«ስንት ሰዓት ላይ ወሰዱት?»

ግራ ገባኝ። ከማታ ጀምሮ ስልክ የደወለልን ዘመድ ሁሉ የጠየቀን «ምን አድርጎ ነው?» እያለ ነበር። ስለ ሰዓቱ የጠየቀን አልነበረም።

«ዐርብ ከሰዓት ነው።»

«ከሰዓት አይባልም። ሰዓቱን ንገረኝ።»

አሰብኩ። ሱቁን ለባልደረባው አስረክቦ የወጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ጣቢያው ደግሞ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አሥር ሰዓት አልኳቸው። «ጻፈው» አሉኝና ከጉያቸው እስክሪብቶ አወጡ። ወረቀት ስላልነበረኝ በተፋቀ የሞባይል ካርድ ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦ ዐርብ፣ 10 ሰዓት።

«እንግዲህ ነገ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ዳኛ ፊት መቆም አለበት» አሉ። ሕግ የተማሩ አይደሉም። ልጃቸው ከአሁኑ በፊትም ታስሮ ያውቃል፤ ያኔ አንድ ጠበቃ የነገሯቸውን ይዘው ቀርተዋል። «የኔን ልጅ ጊዜ ሰዓቱን ባለማወቄ ስንት ቀን እንደቆየ እንኳ ማስረዳት አቃተኝ» አሉኝ። ወረፋው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ።

ሰዓት የተቆረጠለት መብት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ካሉት 106 አንቀጾች 32ቱ፣ ከ13 እስከ 44 ያሉት፣ በምዕራፍ ሦስት የሰፈሩት የመሠረታዊ መብቶችና ነፃነቶች አንቀጾች ናቸው። በሕይወት የመኖር መብት፣ የአካል ደኅንነት፣ እኩልነት፣ የሃይማኖት ነፃነት፣ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት፣ ሰላማዊ ሰልፍ፣ የሴቶችና የሕፃናት መብት፣ ንብረት፣ ሁሉም እዚያ አሉ። አብዛኞቹ የተጻፉት በታላላቅ ቃላት ነው። ታላቅ ቃል ደግሞ ለክርክር ይመቻል፤ ምን ያህል ነፃነት «ነፃነት» እንደሚባል ሁለት ምሁራን ሲሟገቱ ሊያመሹ ይችላሉ።

አንቀጽ 19 ግን ለሙግት ብዙም አይመችም፤ የሚለካው በሰዓት ነውና። ንዑስ አንቀጽ 3 እንደሚለው የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በዚህ ውስጥ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። እሑድ አይቆጠርም አይልም፤ በዓል አይቆጠርም አይልም፤ መርማሪው ስብሰባ ላይ ከሆነ ይቆያል የሚል ነገርም የለበትም።

በዚሁ አንቀጽ ዙሪያ ሌሎቹም ተሰልፈዋል። ለተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት ወዲያውኑ፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። ያለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በማስገደድ የተገኘ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም። በዋስ የመለቀቅ መብት አለው። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብቱን ያስጠብቃል። ያ ሁሉ ሰልፈኛ በቆርቆሮው አጥር ሥር ምሳ ዕቃ ይዞ የሚቆመው፣ አወቀውም አላወቀው፣ በሕገ መንግሥት መብቱ ነው።

ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው? ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» የተባለ ሰው ጣቢያ ሲደርስ «ጨርሻለሁ፣ ልሂድ» ብሎ መውጣት እስከቻለ ድረስ አልተያዘም። መውጣት ከተከለከለባት ደቂቃ ጀምሮ ግን ተይዟል፤ ስሙ መዝገብ ላይ ቢሰፍርም ባይሰፍርም። በበሩና በመዝገቡ መካከል ያለው ጊዜ ማንም የማይቆጥረው ጊዜ ሆኖ ከቀረ፣ 48 ሰዓቱ የፈለጉትን ያህል የሚለጠጥ ላስቲክ ይሆናል።

ለምን 48? ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን የሚለው «ሳይዘገይ» ብቻ ነው። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ማብራሪያ፣ ሰውን ወደ ፍርድ ቤት ለማድረስና ለችሎት ለመዘጋጀት እንደ ወትሮው ከሆነ 48 ሰዓት ይበቃል ብሏል። ምክንያቱ የጣቢያን ኑሮ ለሚያውቅ ግልጽ ነው። ሰው የሚመታውና የማያውቀውን ወረቀት የሚፈርመው ብዙ ጊዜ ከውጭ ሰው ጋር ሳይተያይ በሚቆይባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በአዲስ አበባው የፖሊስ ምርመራ እስር ቤት፣ በማዕከላዊ፣ ታስረው የወጡ ሰዎች ክፍሎቹን በስም ይጠሯቸው ነበር፤ ቅዝቃዜው አጥንት የሚሰብረው «ሳይቤሪያ»፣ ብርሃን የማይገባበት «ጨለማ ቤት»። የ48 ሰዓት ሕግ ዓላማ ሰውየው በዓይን እንዲታይ ነው። ዳኛው እግሩን ሲያነክስ ያየዋል፣ ድምፁን ይሰማል፣ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ዕድል ያገኛል።

በእግር መንገድ የተለካ

ታሳሪን ቶሎ ዳኛ ፊት የማቅረብን ሐሳብ ከውጭ የመጣ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው አይጠፋም። በእኛ አገር ግን ከሕገ መንግሥትም በፊት «በሕግ አምላክ!» የሚባል ቃል ነበር። ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ አንድ መንገደኛ ይህን ቃል ከጣለ እጅ ይወርዳል፤ ያልወረደ እጅ በዳይ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት የቁራኛ ልማድም ነበር። ተጠርጣሪው እንዳያመልጥ ታስሯል፤ ከሳሹም ግን አብሮት ታስሯል፤ ጉዳዩ ቶሎ ዳኛ ፊት እንዲደርስ ሁለቱም ይቸኩላሉ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ ዓለም ነው። በቅሎውን በዳኛ ቃል የተነጠቀ ሰው ይተኛል፤ ጭብጦውን ያለ ዳኛ የተነጠቀ ግን ቁጭቱ አያስተኛውም።

የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የወጣው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት ለአርአያነት ወስደው ነበር። በ55 አንቀጾቹ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ሕግ ከሚያዘው ውጭ እንዳይያዝና እንዳይታሰር ተጽፏል። «ሕግ ከሚያዘው ውጭ» የምትለዋን ሐረግ ልብ ይሏል። ሕጉን የሚያወጣው አሳሪው ራሱ ከሆነ መብቱ በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው ይወሰዳል።

ሰዓቱ የገባው ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ፤ ቀጥሎም የአገሩን መልክዓ ምድር የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚጽፈውን ልዩ ሁኔታ አስቀመጠ። ሰውየው የተያዘው በእግር ካልሆነ በማይደረስበት፣ የእግር መንገዱም ከ48 ሰዓት በማያንስበት ቦታ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል። ያን ጊዜ ከቆላ ወረዳ ተይዞ አውራጃ ፍርድ ቤት ለመድረስ ሁለት ቀን ገደል መውጣትና መውረድ ግድ የሚሆንበት ሰው ብዙ ነበር። ዛሬ ጣቢያውና ችሎቱ በአንድ ታክሲ ጉዞ በሚደራረሱበት ከተማ፣ ሰውን ዳኛ ዘንድ ለማድረስ ሦስትና አራት ቀን ሲፈጅ ያ የእግር መንገድ ትዝ ይለኛል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህንኑ 48 ሰዓት ደገመው፤ ብርበራም ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በቀር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲካሄድ ወሰነ። ከዚያ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ፤ ደርግ ሕገ መንግሥቱን አገደ። ተከትሎ በመጣው የቀይ ሽብር ዘመን ሰው ከቤቱ በሌሊት ሲወሰድ ሰዓቱን ጽፎ የሚይዝ መዝገብ፣ ነገ አምጡት የሚል ዳኛ አልነበረም። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ፎቶግራፎች ሰዓት የማይቆጠርበት አገር ምን እንደሚመስል ያሳያሉ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ ያው ቁጥር ተመልሶ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡትን ሰዓት አብዮቱ አጠፋው፤ አብዮቱን የጣሉት መልሰው ጻፉት። በመካከሉ ብዙ ነገር ተለዋውጧል፤ ሁለት ቀን ግን ሁለት ቀን ነው።

እሑድ አሥር ሰዓት፣ ሰኞ አራት ሰዓት

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነበርኩ። ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው። ተረኛውን «ዛሬ ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረበት» አልኩት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ከጠዋት ጀምሮ ለእናቶቹ የፕላስቲክ ወንበር ሲያቀብል ነበር። «ወንድሜ፣ ዛሬ እሑድ ነው፤ ዳኛ ከየት ይመጣል? ነገ ኑ» አለኝ፤ የተናገረውም እንደ ተፈጥሮ ሕግ ነበር፣ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚባለው።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ጠባብ ችሎት ውስጥ ተጨናንቀን ተቀመጥን። የአጎቴ ልጅ ዐርብ የለበሰውን ሸሚዝ እንደለበሰ ነው፤ ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ ወስደውበት ሱሪውን በአንድ እጁ ይዟል። መርማሪው ወረቀቱን አነበበ፦ ተጠርጣሪው እሑድ ዕለት በቁጥጥር ሥር ውሏል፤ ቀሪ ምስክሮች አሉ፤ ከባንክ የሚመጣ ሰነድ አለ፤ 14 ቀን ይሰጠን።

«የምትለው አለህ?» አሉት ዳኛዋ።

«ክብርት ፍርድ ቤት፣ እኔ የገባሁት ዐርብ ነው።»

«ዐርብ ስንት ሰዓት?»

ዘወር ብሎ አየን። ካርዱን ይዤ ብድግ ልል ስል ችሎት አስከባሪው በዓይኑ መልሶ አስቀመጠኝ። «አሥር ሰዓት» አለ ልጁ፤ «ሱቁን ያስረከብኩት ሰው ይመሰክርልኛል።»

ዳኛዋ ወደ መርማሪው ዞሩ። መርማሪው «መዝገቡ ላይ ያለው እሑድ ነው» አለ። ለጥቂት ጊዜ እስክሪብቶ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ትእዛዝ ሰጡ፦ ከተጠየቀው 14 ቀን 4 ቀን ተፈቅዷል፤ ጣቢያው የዕለት ሁኔታ መዝገቡን ይዞ ይቅረብ።

በአራተኛው ቀን መዝገቡ አልመጣም። ልጁ ግን በገንዘብ ዋስ ተለቀቀ። ስለጠፉት ስለ ዐርብና ስለ ቅዳሜ የጠየቀ የለም። እውነቱን ለመናገር እኛም አልጠየቅንም። ደስ ብሎን ነበር፤ እናቱ እልል አሉ፤ በግ ታረደ። ካርዱ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ይህን የምጽፈው ጣቢያውን ለመክሰስ አይደለም። ሕጉ የቱ ጋ እንደሚቀደድ ያየሁት እዚያ ስለሆነ ነው። ዳኛዋ ያን ዕለት የሚያስፈልገውን አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሚያጠናለትም 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። «ስንት ሰዓት?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ጉባኤ መጥራት አያሻም። አንቀጽ 13 በየትኛውም ደረጃ ያለ የፌዴራልና የክልል ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ዳኛ ምዕራፍ ሦስትን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል፤ ኃላፊነቱ የፕላስቲክ ወንበር የሚያቀብለውን ተረኛ ፖሊስም ይጨምራል።

ጊዜ ቀጠሮ፣ ዋስ፣ አካል

48 ሰዓቱ በር መክፈቻ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው ኮሪደር ጊዜ ቀጠሮ ይባላል። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ሲል ፍርድ ቤቱ ተጨማሪ ቀን ይሰጠዋል፤ የ1954ቱ ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ከልክሏል። ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አልገደበም። ስለዚህ 14 ሌላ 14ን እየወለደ፣ በየሁለት ሳምንቱ «ቀሪ ምስክር አለ» እየተባለ ወራት ይነጉዳሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ከ28 ቀን ያላነሰ፣ በድምሩም እስከ አራት ወር ይፈቅድ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ። በዚህ ኮሪደር ውስጥ ደሀው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ሰው መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆም የሚያዘው አንቀጽ 20 የተጻፈው ለተከሰሰ ሰው ነው፤ በምርመራ ላይ ያለ ሰው ገና ተከሳሽ አልተባለም።

ዳኛ ፊት ጨርሶ ያልቀረበ ሰውስ? ለእርሱ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አለ። ሥርዓቱ የሚገኘው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ነው። ሰው በወንጀል ተጠርጥሮ ተይዞ ሳለ መፍትሔው በፍትሐ ብሔር መጽሐፍ ውስጥ መሆኑ ያስገርማል፤ አሠራሩ ሲታይ ግን ይገባል። አቤቱታው የሚጠይቀው ስለ ወንጀሉ አይደለም። በቃለ መሐላ ተደግፎ ይቀርባል፤ ታሳሪው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ይምልለታል። ፍርድ ቤቱም የያዘውን ሰው «ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፤ በምን ሕግ እንደያዝከው አስረዳ» ብሎ ያዘዋል። መልስ ከሌለው ሰውየው ይለቀቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 ይህን መብት ማንም ሊነፍገው እንደማይችል አድርጎ አስቀምጦታል። በተግባር ግን አቤቱታው ከገባ በኋላ ታሳሪው በችኮላ ጊዜ ቀጠሮ ችሎት ሊቀርብና «አሁንማ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው ያለው» ተብሎ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ያለፈው ሕገ ወጥ ጊዜ እንደኛ ዐርብና ቅዳሜ ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

የዋስትና መብት ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲቀርቡ፣ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከመለቀቃቸው ወዲያው መልሰው ተያዙ። በቀናት ውስጥ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የማያገኝበት አዋጅ ወጣ። ሕገ መንግሥቱ የዋስትና መብትን ሲሰጥ «በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች» ፍርድ ቤት ሊከለክል እንደሚችል ጽፏል፤ የ1923ቷ ሐረግ በሌላ ልብስ መመለሷ ነው። አቶ ስዬ የተፈቱት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ዳኛዋም በተራቸው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታሰሩ፣ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ፣ በ2001 ዓ.ም. እንደገና ገቡ፣ በ2003 ዓ.ም. ወጡ፤ ኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ፈራጅም፣ ታሳሪም፣ ሹምም የሆነ ሰው ባለበት አገር የታሳሪ መብት «የእነ እገሌ ጉዳይ» ሊባል አይችልም። በሩ ዛሬ በየትኛው ወገን እንደቆምን አይጠይቅም።

ሁለቱ አርባ ስምንቶች

ሕገ መንግሥቱን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው 48 ሰዓትን ሁለት ቦታ ያገኘዋል። አንደኛው የዜጋው ነው። ሁለተኛው በአንቀጽ 93 ለመንግሥት የተቆረጠ ነው፦ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ፣ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል። አርቃቂዎቹ አስበውበት ይሁን አይሁን፣ ነገሩ ይገጥማል። ዜጋ ሲያዝ ያዡ በሁለት ቀን ውስጥ ለዳኛ ያስረዳል፤ የአገር መብት ሲታገድ አጋጁ በሁለት ቀን ውስጥ ለምክር ቤት ያስረዳል። በሁለቱም ቦታ ሥልጣን ብቻውን የሚቆይበት ጊዜ ከሁለት ቀን እንዳያልፍ ነው የተፈለገው።

ችግሩ ሁለተኛው 48 ሲመጣ የመጀመሪያው መውደቁ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ ከማይነኩት ውስጥ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት አንቀጽ 25 አሉ። አንቀጽ 19 ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና ዳኛ ሳያዩ መቆየት በሚቻልባቸው ወራት ሰውን ማሰቃየት አሁንም ክልክል ነው፤ መሰቃየቱን ማን ያያል? አንቀጽ 18ን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው አንቀጽ 19 ነበር። ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ክፍተት ምክር ቤቱ የሚያቋቁመው፣ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ አስቀምጧል፤ በአዋጁ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። 48 ሰዓት ወደ አንድ ወር ተዘረጋ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ከ2009 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በ2009፣ በ2010፣ በ2012፣ በ2013፣ በ2014 እና በ2015፣ በመላ አገሪቱም ሆነ በከፊሏ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አይታለች። ልዩ የተባለው ጊዜ ሲደጋገም የበሩ ልማድም አብሮ ይለወጣል፤ አዋጁ ካበቃ በኋላ እንኳ «ሰኞ ኑ» የሚለው ድምፅ ይቀራል።

ምዕራፍ ሦስትን ማሻሻል በጣም ከባድ ነው። በአንቀጽ 105 መሠረት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች በየበኩላቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። አንዱ ክልል እምቢ ካለ አንዲት ፊደል አትነካም። ለመዘንጋት ግን አንድ እሑድ ይበቃል።

የበሩ ትምህርት

የአጎቴ ልጅ በተፈታ ማግስት ብርድ ልብሱን ልወስድ ወደ ጣቢያው ተመለስኩ። እኚያ እናት እዚያው ናቸው፤ የእርሳቸው ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ቀጠሮው ላይ ነው። የኛ መፈታቱን ስነግራቸው «ተመስገን» አሉና እጄን ያዙኝ። ስለ መዝገቡ ጠየቁኝ። አልመጣም አልኳቸው። ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከችሎቱ ሁሉ የበለጠ አሳፈረኝ፤ በግ ስናርድ የተውነውን ነገር እርሳቸው ገና ይዘውታል።

በዚህ መካከል አንዲት ወጣት እየሮጠች መጣች። የምግብ ቤት ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ወንድሟን ፈልጋ ሦስተኛ ጣቢያዋ ነው። ተረኛው ስሙን ጠይቆ ወደ ውስጥ ገባ። እሷ አጥሩን ተደግፋ ታለቅሳለች።

እማማ እስክሪብቶውን ከጉያቸው ሲያወጡ አየሁ። ቀድሜያቸው ጠየቅኋት።

«እህቴ፣ ስንት ሰዓት ላይ ወሰዱት?»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ግራ ገብቷታል። ከዚያ ስልኳን አወጣች፣ የመጨረሻውን ጥሪ ፈለገች፣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አነበበች። «ሊወስዱኝ ነው ብሎ የደወለልኝ… ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ነው።»

«ጻፊው» አሏት እማማ፣ እስክሪብቶውን እያቀበሏት።